ባለ መስኮት ቅጠል

ከአውራ ጣቴ ጥፍር ጥቂት የምትሰፋ፣
እሳት ይሁን ነሐስ፣ ብልጭ ብላ ደንገሉ ውስጥ የምትጠፋ፣
እሷን ልቆጥር ነው በየወሩ ዓርብ
ቦቲዬን አጥልቄ ሁላ ረግረግ የምቀርብ።

ጌርሾን ከኋላዬ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣
በደረት ኪሱ ውስጥ እርሳስና መቅረጫ።
«ቀስ በይ» ይለኛል፤ «ጥላሽ እንዳያርፍባት፤
ፀሐይ ናት ሞተሯ፣ ደመና ነው የሚያጠፋባት።»

እነሆ አረፈች።
የውሃ ናና ላይ፣ ክንፏን ዘረጋች፤
ፊተኛው መዳብ፣ አሁን የተወለወለ፤ ነጥብ የጣለበት የማን እንደሆን ያልታወቀ ብዕር፤
ኋለኛው አመድማ፣ ጫፉን የዞረው የመዳብ ክር።
ስትከድነው ግን የለችም። የደረቀ ሣር።

ወንዱማ አመለኛ ነው። ያቺን ታህል ነፍስ ይዞ
አንዲት ድንጋይ ላይ እንደ ባለርስት ተመርኩዞ፣
ተርብ ሲያልፍ ይነሣል፤ ንብ ሲያልፍ ይነሣል፤
አንዴ የሽመላ ጥላ ሲያባርር አይተን ስንስቅ፣ የጌርሾን ማዳመጫ ያፏጫል።

ሴቷ ግን ሥራ አላት። ዝቅ ብላ ትበራለች፤
ቅጠል በእግሯ ትቀምሳለች። አይደለም። ሌላ ትቀምሳለች።
«ይህን ነው የምትፈልገው» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎ፤
«ስም ነበረው፣ ጠፋኝ» አለ፣ ግንባሩን በመዳፉ ከልሎ።

እኔ ዐወቅሁት። ሰፊ ቅጠል፣ ቀላ ያለ አገዳ፣ ኮምጣጣ፤
ሳማ ሲለበልበን የምናሽበት። መቼ እዚህ መጣ?
«ቱልት» አልኩት።
«ቱልት?»
«ቱልት። ወይ የአክስቱ ልጅ። ሳማ ባለበት አይጠፋም።»
በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈው፤ ተሳስቷል፤ አላረምኩትም።

እንቁላሏ የጨው ቅንጣት ነው፤ በአንድ ቅጠል አንድ፤
በአጉሊ መነጽር ግን የማር እንጀራ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ።
በሳምንቱ ትል። አረንጓዴ። ቅጠሉን የመሰለ።
ከታች ሆኖ ይግጣል፣ የላዩን ስስ ቆዳ እየዘለለ፤
ቅጠሉን ወደ ብርሃን ሳነሣው መስኮት አለው፤
መስታወት የገባለት፣ ሰማይ የሚያሳይ፤ ትሉ ነው የሠራው።

ክረምት እዚህ በታኅሣሥ ነው። ሽመላዎች በሺህ ይመጣሉ፤
ጎሾቹ እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ፤
ትሉ ከቱልቱ እግር ሥር፣ አይበላ አይናገር፣
ፀሐይን ይጠብቃል፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው፣ በመሥሪያ ቤት በር።

ከዚያ መጽሐፉ «ሙሽሬ» ይላታል። እውነትም ሙሽራ፤
ደረቅ ቅጠል ተከናንባ፣ ወገቧን በአንድ ክር ታስራ
ካባዋን በራሷ ላይ ትሰፋለች። ሚዜ የለ፤ ከበሮ የለ።
ካባው ሲቀደድ ሰማሁ ብል ዋሸሁ። አልሰማሁም። ብቻ ጧት ሳይ ባዶ ቅርፊት አለ።
ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት፤
ፍሪጄ ውስጥ ካለው እርጎ ጋር ብትወዳደር ማን ይቀድም? እንጃላት።

ትናንት ቆጠርን፤ ዐሥራ አንድ። አምና በዚህ ወር አርባ።
ጌርሾን የተቀረጸ እርሳሱን ቀረጸ፤ ዐይኑ ቦዩ ውስጥ ገባ።
«ይህን ቦይ እኔ ቆፈርኩት» አለ፤ «በዐሥራ ስምንት ዓመቴ፤
ረግረጉን ልናደርቅ። ወባ ነበረ። እየዘፈንን ቆፈርን። ኮራችብኝ እናቴ።
ሲደርቅ አፈሩ ከሥር ተቃጠለ፤ ለወራት ጨሰ።
ኋላ ውሃውን መለሱት። ከፊሉን። የቀረው አልተመለሰ።»

የምለው አጣሁ። «አይዞህ»ን በዕብራይስጥ ማን ይፈታል?
ትሉ የጨረሰውን አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ፤ መስኮቱ ይበራል፤
ሰጠሁት። ዐይኑ ላይ አደረገው፤
በዚያች ቀዳዳ ረግረጉን አየው፣ አየው።

«ዐሥራ ሁለት» አለ።
እኔ ምንም አላየሁም።
ጻፍኩለት።