ሺህ አንድ

ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የድሮ መዝገብ ቤት፤
ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ የሚያስጮህ ሙቀት።
አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግንብ በመሐላቸው፤
ግንቡን በስቼ፣ ገመድ ጎትቼ ላገናኛቸው
ተንበርክኬአለሁ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይወርዳል።
«የፈትሒያ ዲስክ ለሮብሌ ይታየው» ነው የተባልኩት፤ ቀላል።

ፈትሒያ ስካን ታደርጋለች፤ የምድር ባቡር የደመወዝ መዝገብ፣
ምስጥ ጀምሮ የተወው፣ በፈረንሳይኛ የሚነበብ።
ሮብሌ ከግንቡ ወዲያ ስም በስም ይለቅማል።
እስከ ትናንት በፍላሽ ነበር፤
ትናንት ፍላሹ ከሮብሌ ሱሪ ጋር ታጠበ።

አንዲት መስመር ጻፍኩ፦
ይህ ፎልደር፣ ለዚያ አድራሻ፣ ንባብም ጽሕፈትም።
ወዲያ ማዶ ባዶ ፎልደር ከፍቼ
የሰው ቤት ሙሉውን ባዶው ላይ ሰቀልኩ።
መዝገቡ ከቦታው ሳይነሣ መጣ።

ሮብሌ አንድ ስም አስገብቶ አስቀመጠ።
ፈትሒያ ከወዲያ፦ «አቦ ይሄን እኔ አልጻፍኩም!
ባለቤቱ አንቺ ነሽ ይለኛል፤ ወላሂ አልነካሁም!»

ገባኝ። ማሽን ስም አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤
እዚያ ሺህ አንድ ፈትሒያ ናት፣ እዚህ ሺህ አንድ ሮብሌ ነው።
በገመዱ የሚያልፈው ቁጥሩ፤ ስም ደጅ ይቀራል፤
ማዶ የደረሰው ቁጥር እዚያ ያገኘውን ስም ይለብሳል።

አባቴ ወርዶፋ፣ የጋራዡ ብረት ቀጥቃጭ፣
የነሐስ ታርጋ ነበረችው፣ ከኪሱ ሳንቲም ጋር የምትፋጭ፦
አራት መቶ ዐሥራ ስምንት።
ደመወዝ ቀን ቁጥሩ ሲጠራ «አቤት» ይላል።
ጡረታ ሲወጣ ታርጋዋን ለሌላ ሰጡ፤
ያም ሰው «አቤት» አለ።
አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ሰው ሰላም አላለውም።

ከላፕቶፑ በሩት ገብቼ ላርመው ብል «ፈቃድ የለህም» አለኝ።
ለካ በገዛ ቤቱ ሁሉን አዛዥ የሆነ
ገመዱን ሲሻገር መጠሪያው «ማንም» ነው።

ወደ ፈትሒያ ክፍል ልሄድ ተነሣሁ፤ ያኔ መብራት ሄደ።
የሮብሌ ላፕቶፕ በባትሪው ነቅቶ ፋይሉን ይጠብቃል፤
አልተገኘም አይል፣ በቃኝ አይል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።
በመስኮቱ ሐዲዱ ይታያል፤ ሁለት ፍየል፣
ከጣቢያው ደረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ፣
ሻንጣ እንኳ ሳይዝ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራቱ መጣ፤
ላፕቶፑ ከቆመበት ፊደል ቀጠለ፣ የት ነበርክ ሳይል።
በሁለቱም ማሽን ሮብሌን ሺህ ሁለት አልኩት፤
ሁለቱን ሰዎች በአንድ ቡድን አስገባሁ፤ ሥራዬ አለቀ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ቆምኩ።
«ሮብሌ፣ አራት መቶ ዐሥራ ስምንትን ክፈትልኝ እስቲ።»
ገጹ ወጣ። ቁጥሩ አለ፤ የስሙን ቦታ ምስጥ በልቶታል።
«ማን ልበል?» አለኝ።
«ወርዶፋ» አልኩት፤ ፊደል በፊደል ነገርኩት።
ጻፈ። አስቀመጠ።
ከግንቡ ወዲያ ፈትሒያ፦ «ታየኝ!» አለች።