የፈላ ውሃ ሲደፋ

ቅዳሜ ነው። ፋብሪካው ዝም ብሏል፤
የዓሣው ሽታ ግን ከጣቴ መች ይለቃል።
ኢሳፍዮርዱር ወደብ፣ ከጀልባው አጠገብ፣
ሮዴል ዳቦ ይዞ፣ ሉድቪካ ፎጣ፣
እኔ የክረምቱን ብርድ፣ ከአጥንቴ ያልወጣ።
ሰኔ ነው፤ ፀሐይ መግባት ረስታለች፤
እኩለ ሌሊትም ሰማዩ ላይ አለች።

ስቴይናር፣ የጀልባው ጌታ፣ ወሬ አያበዛም፤
«ሁለት ሰዓት ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ሞተሩን ቀስቅሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ወሰደን ወደ ሰሜን፣ ወደቡን ትቶ።

ወደዚያ መንገድ የለም። ተራራው እግሩን ባሕር ነክሮ፣
አናቱን በደመና ሻሽ አስሮ፣
ቁልቁል ያየናል፣ እንደ አኩራፊ ዘመድ፣
ግቡም አይል፣ ሂዱም አይል።
አንድ አቆስጣ ብቅ አለ፣ ጢሙን እንደ ቀበሌ ዘበኛ አንጨፍርሮ፤
አንድ በአንድ አየንና ተመልሶ ገባ፣ ማንነታችንን መዝግቦ።

ሁለቴ አስመለሰኝ። ጀርባዬን እያሸች
ሉድቪካ በፖላንድኛ አንድ ነገር አለች፤
ቃሏ ባይገባኝም መዳፏ ገባኝ፤
ጨው የበላው፣ ቢላ የጫረው፣ የራሴ መሰለኝ።

ደረስን። ቤት የለም። የቤት መሠረት አለ፤
ሣር የዋጠው ድንጋይ፣ ማዕዘኑ ግን እንዳለ።
ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ባሕሩ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው፣
ጭስ አይሉት እንፋሎት፣ ማንም ያላነደደው።

ከፈረሰው ግድግዳ ጀርባ ልብሴን ሳወልቅ
ንፋሱ ገረፈኝ፤ ነውሬን በምን ልደብቅ?
ሉድቪካ እንደተወለደች ገባች፣ እየሳቀች፤
እኔ በፋብሪካው ካናቴራ፤ ደረቱ ላይ የተሳለች
አንዲት ዓሣ አብራኝ ዋኘች።

ሙቀቱ መጀመሪያ ነከሰኝ፣ እንደማያውቀኝ ውሻ፤
ኋላ ለምዶ ላሰኝ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ትከሻ።
ጣቶቼ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጠፍተው የሰነበቱት፣
አንድ በአንድ መጡ። ቆጠርኳቸው። ሞሉ።
ማዕበሉ ድንጋዩን ዘሎ አንዳንዴ ይገባል፤
ጉልበቴ በጋ ሲሆን ወገቤ ክረምት ይሆናል።
ሮዴል እንቁላል በካልሲ ቋጥሮ
ስንጥቁ ውስጥ ሰቅሎ ይጠብቃል፣ ደቂቃ ቆጥሮ።

ከዚያው ስንጥቅ ውሃው፣ እየተንተከተከ፣ እየፈላ፣
ወደ ባሕር ይደፋል፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ።
እናቴ ትዝ አለችኝ። የፓስታ ውሃ እንኳ፣ ጓሮ ቆማ፣
«በስመ አብ» ሳትል አታፈስም፣ በቀንም በጨለማ፤
ከታች ያሉት እንዳይቃጠሉ፣
ልጆቻቸውን ገለል እንዲያደርጉ።
እዚህ መሬቲቱ ራሷ ስንት ሺህ ዓመት ስትደፋ
ማን በስመ አብ አለላት? ስንቱስ ሳይሰማ ጠፋ?

«በስመ አብ» አልኩ። ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።
ስቴይናር ዞረ። ድንጋዩ ላይ ነበር፣ ቦቲውን እንዳጠለቀ።
«ምን አልሽ?»
በተሰባበረ አይስላንድኛ አስረዳሁት፦
ከታች ሰው አለ። አይታይም። ይቃጠላል።
አልሳቀም።
እናቴ ራግና፣ አለ፣ እዚህ ነው የተወለደችው፤
ሣር የዋጠውን ማዕዘን በአገጩ አሳየኝ፤
የድንች ውሃ ልታፈስ ስትወጣ
የበሩን መድረክ በጭልፋ ሦስቴ ትመታ ነበር።
ለማን? አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ። «ለጎረቤት።»
ጎረቤት! የቅርቡ ቤት ባሕርና ተራራ ማዶ በሆነበት አገር።

ከዚያ አንድ ቦቲውን ብቻ አወለቀ፤
አንድ እግሩን ነከረ፣ ሌላው እንደደረቀ።

ስንመለስ ባሕሩ ተኝቶ ነበር።
እንቁላሉን ተካፈልን፤ ጨው አላስፈለገውም።

ሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት። ወለሉን ላጥብ ቱቦውን አንስቼ
ቆምኩ፣ የፈላውን ውሃ ሳልከፍት፣ አንገቴን ደፍቼ።
ከንፈሬ ሳይላቀቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ
ሉድቪካ በቢላዋ እጀታ ሦስቴ አንኳኳች።
ትንሽ ጠበቅን፤
ልጆቻቸውን የሚያነሡበት ያህል።
ከፈትኩት።