ጠብ

ሙሐረቅ፣ በነሐሴ፣ በቀትር፣ በዚያ ወራት፣
ባሕሩን ራሱን እንደ ሰው ላብ በሚያጠምቅበት ሰዓት፣
"ኤሲው ይጮኻል፣ ቶሎ ድረስ" ቢሉኝ ከቢሮ ደውለው፣
ሦስት ፎቅ ወጣሁ፤ መሰላሉ ትከሻዬን ልጦ ሊጥለው።

መስኮት የሌለው ክፍል፣ ግድግዳው ምንጣፍ የለበሰ፤
ወለሉ ላይ የሽቦ ሐረግ፣ በር ድረስ የፈሰሰ።
ሮዳ፣ የማኒላዋ፣ ፒያኖው ጋ በባዶ እግር፤
አንሴልም ባሱን ደግፎ፣ የሰከረ ጓደኛ እንደሚያሻግር፤
ከበሮው ላይ ኻሊፋ፤ አያቱ ሉል ጠላቂ ነበሩ፣
በአንዲት ትንፋሽ ወርደው ባሕር ሥር የሚበረብሩ።
መሐል ላይ ልሳኑ። ቀን ቀን ወደብ ላይ ጎማ ቆጣሪ፣
በሃምሳ አንድ ዓመቱ የመጀመሪያ አልበም ጀማሪ።

"ወንድሜ፣ አትጠግነው፤ አጥፋልኝ" አለ ዞሮ፣
"ሁለት ነፋስ አንድ ቤት አያድርም አብሮ።"

ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ "አጥፋ" ያለኝ ሰው የለም።
አጠፋሁት።
ዝምታው እንደ ብርድ ልብስ ወረደ፤ ሙቀቱም አልዘገየም።
ናሱ ሲግል ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል፤ ፒያኖው ይቀራል፤
ቱቦውን የጥፍር ያህል ይስባል፣ ይሰማል፣ ደግሞ ይጀምራል።

አንቺሆዬን ነፋ፤ ያለ ቃል።

እኔ መሰላሉ ወገብ ላይ፤ ብነቃነቅ ይጮኻል መሰላሉ።
ትንፋሼን ያዝኩ። የኻሊፋ አያት ይህን ሥራ ያውቃሉ።
እሱ የሚያወጣውን እኔ ስይዝ፣ የያዝኩትን እሱ ሲያወጣ፣
ከሞተው ኤሲ ሆድ የተረፈ ውሃ ጫፍ ላይ መጣ፤

ጠብ።

ባልዲዬ ውስጥ። ሁሉም ሰማ። ሮዳ ዓይኗን ጨፈነች።
ኻሊፋ ግን በሽቦ መጥረጊያው ተቀበላት፤ ምት ሆነች።
ጠብ። ልሳኑ ጠበቃት። ጠብ። በእሷ ላይ ተመለሰ፣
ላቡ በአገጩ፣ ዜማው በናሱ፣ እኩል እየፈሰሰ።

ሲያልቅ፣ ቀጂው "ጠብታዋን ላጥፋት?" ቢለው፣
"ተዋት" አለ ልሳኑ፤ ከንፈሩ አብጦ መናገር እያቃተው።

አልበሙ ወጣ። ሽፋኑ ላይ አራት ስም፤ የእኔ አልተጻፈም።
ከአገር ቤት አባቴ ደወለ፤ ወቀሳው አልተለወጠም፦
"ሃያ ዓመት ለፋህ፤ ለቤታችን ጠብ ያለ ነገር የለም!"

"ቆይ አባዬ፣ አትዝጋው" አልኩት፣ ስልኩን ለማጉያው አስጠግቼ፣
ሦስተኛውን ዜማ፣ ከመሐሉ፣ ከፍቼ።

"ሰማህ?"