ጭራ

ከአጂፕ ስንነሣ ስምንት ነበርን፣
በነጠላ ሰልፍ፣ ቀኝ ጠርዝ ይዘን።
ፊት ነዚፍ ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ
እጁን ከወገቡ ኋላ ያወርዳል፣
በጣቱ አስፋልቱን ያመለክታል።
ያ ጣት ከሙና ወደ ረያ፣
ከረያ ወደ አብዱልፈታ ይወርዳል፤
እኔ ጋ ሲደርስ ጉድጓዱም ደርሷል።

ጭራው እኔ ነኝ፤
«ባጃጅ ከኋላ!» ብዬ የምጮኸው፣
ጅሬን ዳገት ላይ የደከመውን
ሳልቀድም የማዘግመው።

አምና ጭራው ሙዘይን ነበር።
ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ ይላል፤
«አሠራው እንጂ» ስንለው
«ዝም ካልኩማ ትረሱኛላችሁ»
ይል ነበር፣ እየሳቀ።

ዛሬ አዌቱ ድልድይ አፍ ላይ
ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አየሁ፤
እጄ ራሷ ወረደች፣
ከኋላዬ ለሌለው ሰው
በጣቴ አሳየሁ።