ይበል ያላልሁት

ከባሕር ዳር ነው የሚላክልኝ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና፣
በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ጋቢና።
ረዳቱ ሞጣ ሲደርስ «የመምህር መጽሐፍ!» ይላል፤
ከሽንኩርትና ከዶሮ መሐል መዝዞ ይሰጠኛል።

ሠላሳ ዓመት አነበብሁ፤ ሠላሳ ዓመት ፈረድሁ፤
ይኸ ልብ ወለድ ልብ የለውም፣ ያ ግጥም ቤት አልመታም እያልሁ።
በወር አንዴ፣ በአንዲት አምድ፣ በጋዜጣ ጥግ ላይ፣
የሰው የአምስት ዓመት ሌሊት በመንሽ በተንሁ፣ ፍሬው ከገለባው እስኪለይ።

ክፍያው ስኳር አይገዛም። አሰገደች ትስቅብኛለች፤
«ቀማሽ ሆነህ ቀረህ እኮ፣ አንድ ድስት ሳትጥድ» አለች።
እውነቷን ነው። የራሴን መጽሐፍ አልጻፍሁም፤
ጀምሬ ነበር፤ ገጽ አርባን አላለፍሁም።

ልጅ ያየሁት ዘግይቼ ነው፣ የሃምሳን ጫፍ ጨብጬ፤
«የልጅ ልጅዎ ነው?» ይሉኛል፣ ለወላጅ ስብሰባ ተቀምጬ።
ይታይሽ ስምንተኛ ናት፤ ሚኒስትሪ ደርሶባታል፤
እንየው አምስተኛ ነው፤ ንባብ ይተናነቀዋል።
«ፊደሎቹ ይሄዳሉ» ይለኛል፣ «አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጣል»፤
ጣቱ ትልሙ መሐል እንደ ሰነፍ በሬ ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት ገባ፣ ደብተሩን ከደረቱ አጣብቆ፤
አላለቀሰም፤ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ፊቴን ጠብቆ።
የአማርኛ ድርሰት ነው፤ ርእሱ «የእኛ ሰፈር»፤
ሁለት መስመር ስለ ጋሪ ፈረስ፣ የቀረው ስለ ዝናብ ነበር።
ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ፦ «ሐሳቡ የተበተነ፤ ደካማ።»
ይኽን ቃል የት አውቀዋለሁ? ማን ነበር የጻፈው? ማ?

እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ስለ አንድ የቢቸና ልጅ፣
ምናሉ ስለሚባል፤ በሬ ሸጦ አሳትሞ፣ መጽሐፉን የሰጠኝ በእጅ።
«ሐሳቡ የተበተነ፤ ቋንቋው ደካማ፤ ያልበሰለ»
ብዬ ጻፍሁ። ጋዜጣው ወጣ። ገበያ ላይ ሲያየኝ እንደ ወትሮው ጎንበስ አለ።
ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። እዚሁ ሞጣ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል።
መጽሐፉ ደካማ ነበር፤ ዛሬም ያው ይመስለኛል።

ግን ገጽ መቶ አሥር ላይ፣ እናቱ ጤፍ ስትሰፍር፣
«አንድ» ብላ፣ እንደገና «አንድ» ብላ፣ እንዳያልቅባት ስትቆጥር፣
እዚያ ላይ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ፤ መብራት ጠፍቶ፣ በኩራዝ ደግሜዋለሁ።
እሱን ግን አልጻፍሁትም።
ቦታ አልበቃኝም አልሁ።

ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ክንፉ፣ ጉባኤ ቃናዬ ሲፈርስ፣
«ሁለተኛውን ደግመህ በል» ይሉኝ ነበር፣ ድምፄ እስኪመለስ።
ከዚያ አንዲቱን ቃል ይዘው፦ «ይቺ፣ ይቺ እንኳ ይበል፤
ሌላውን ሂድና ዝረፍ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ቀስ በል።»

ይታይሽ ደብተሩን ወሰደች፤ አነበበች፣ ወደ መብራት አስጠግታ፤
«የፈረሱ መስመር ጥሩ ነው፤ መምህሩ አላየው ይሆን?» አለችኝ፣ ጣቷን ዘርግታ።
እውነትም፦ «ዝናቡ ሳይመጣ የጋሪው ፈረስ በጆሮው ይጠጣል።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳነብ፣ ስንት እንዲህ ያለ ጆሮ አምልጦኛል።
ይበል አልሁት። ጮክ ብዬ። እንየው ግራ ገባው፤ አላመነኝም።
አምስት ቃል ላይ ሆሄው ስህተት ነው፤ እሱንም አልሸሸግሁትም።

ትናንት ሚስማር ልገዛ ሄድሁ፤ የምመታው ነገር የለኝም።
ምናሉ «ስንት ቁጥር?» አለኝ፤ የሚስማር ቁጥር አላውቅም።
«እናትህስ?» አልሁት። «አረፈች፣ አምና በሐምሌ» ብሎ መለሰልኝ፤
«ጤፍ ስትሰፍር... ገጽ መቶ አሥር...» ስል፣ ሚዛኑን ይዞ ቆሞ አየኝ።
አንድ እፍኝ ሚስማር ጨመረ፤ «አንድ» አለ።
ሌላ እፍኝ ዘገነ፤ ትንሽ ቆየ፤
«አንድ» አለ።