እኔን

ጥር በኛ አገር የሠርግ ወር ነው፣ ፀሐይና ዳስ፤
ጀህራ ላይ ግን ጥር ብርድ ነው፣ አጥንት የሚዳስስ።
የሌሊቱ ዝናብ ጎርፍ ሳይጎድል ከመንገድ፣
ረፊቅ ሞተሩን አስነሣ፣ በረሃ ልንሄድ።

ጭነቱ ማሞቂያ ነው፣ ሃያ ሁለት ካርቶን፤
ሙቀት አዳዮቹ እኛ ስንሆን፣
ጓንቴ አንድ ነው፣ የግራው፤ ቀኙ ኅዳር ላይ ጠፋ፣
ምትኩን ብጠይቅ ሹሙ፣ «ኢንሻአላህ» ብሎ አንቀላፋ።

ባለጠጎች በዚህ ወር ድንኳን ይተክላሉ፣
ብርድ ናፍቀው መጥተው፣ እሳት ያነዳሉ።

የኋላው መዝጊያ ከባድ ነው፤ ውርጩ ብረቱን አክርሮት፣
ጣቴን ከመሐል ማውጣቱን እኔ ረስቼው፣ ወይ እሱ ረስቶት፣
ድምፁን ነው ቀድሜ የሰማሁት። ሕመሙ ቆይቶ መጣ፣
እንደ ዘገየ አበዳሪ፣ በር ገንጥሎ፣ በቁጣ።

ረፊቅ ወርዶ አየኝ፤ ካርቶኑንም ገለባብጦ አየ፤
«አልተሰበረም፣ አልተሰበረም» እያለ ቆየ።
አልፈርድበትም። ከሱ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው።

ከድንኳኑ ጀርባ ድስት የምታጥብ ልጅ ነበረች፤
ደሙ አሸዋው ላይ ሲያርፍ አየችና
«እኔን!» አለች።

እኔን።

«የላ» በዐረብኛ፣ «ጀልዲ» በሕንድኛ፣ ሁሉም ፍጠን ነው፣ ለምጄ፤
በኔ ፈንታ ልታመም የሚል ሰው ረስቼ ነበር፣ ወዳጄ።
በጥርሷ ከሻሿ ጫፍ ቀደደች፤ የሷም እጅ ከኔ የባሰ፣
በበረኪና ተልጦ፣ ጥፍሩ ሥር የፈረሰ።
«የት ነሽ?» «የሐይቅ።» «እኔ ከሚሴ።» «ስምሽስ?» «ሰዓዳ»፤
ቋጠሮውን ሳትጨርስ ተጠራች፣ ከድንኳኑ ጓዳ።

የቀሩትን ካርቶኖች በግራ እጄ አወረድሁ።

በማግሥቱ መጋዘን በር፣ አሻራው ማሽን ጋ ቆምሁ፣
ጨርቁን ፈትቼ ጣቴን እንደ ልማዴ አስቀመጥሁ።
ቀይ መብራት። ጠርጌ ደገምሁ። ቀይ መብራት።
ያበጠ ጣት አያውቅም፤
«ቀሪ» ብሎ መዘገበኝ፣ ፊቱ ቆሜ እያየሁት።
አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባል ነበር፣ ድሮ፤
እዚህስ አንዱ ቢያብጥ ሰውየው ሙሉው ይቀራል፣ ከመዝገብ ተሽሮ።

«ሌላ ጣት ሞክር» አለኝ ሹሙ፣ ሻዩን እያማሰለ።
የግራ አውራ ጣት።
አረንጓዴ።

ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው። አጥቤዋለሁ፤ ደሙ ግን ጥቂት ቀርቶበታል።
በየት በኩል ልመልስላት?
ስም እንጂ ስልክ አልጠየቅኋት።