ስምንተኛው ወንበር

ታርቱ ላይ፣ ወንዙ ሲታጠፍ፣ ከድሮው የክር ፋብሪካ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤
ሰባት ሰው፣ ሰባት ወንበር፣ አንድ የብስኩት ታኒካ።
ሥራችን በረዶ መለካት፤ ውሃው ሲረጋ በጥር፣
«ይሸከማል» ወይ «አይሸከምም» ብሎ ለሰው መናገር።
አህቲ ነው ኮዱን የጻፈው፣ ፒሬት ናት ያሳመረችው፤
እኔ ሒሳብ ያዥ ነበርሁ፣ ወጪውን የምቆነጥረው።
ዓሣ አጥማጁ ኤይኖ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣
ስልኩን ሳያይ አይረግጥም፤ እንዲህ ነበር እምነቱ።

መጀመሪያ የመጣው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ እንደ ጉርሻ፤
ሙኒክ ካለ ግዙፍ ቤት፣ ከመቶ አሥር ድርሻ።
«አንነካችሁም» አሉን፤ «እደጉ፤ እኛ ከጎን ነን።»
እኛም አፋችንን ከፍተን፣ እግዜር ይስጥልን ብለን።
ጉርሻ ደግ ነው፤ ግን እጁ ከአፍ ሳይወጣ ሲቆይ፣
ማኘክም ያስቸግራል፤ መናገርም… አይደል ወይ?

በዓመቱ መቀመጫ ጠየቁ፣ ከጠረጴዛችን ዳር፤
ስምንተኛ ወንበር ገዛሁ።
ደረሰኙ ዛሬም አለ፤ ዘጠና ዩሮ ነበር።
ማንም አልተቀመጠበትም። ሰውየው በስክሪን ነው የሚመጣው።
ግን ባዶው ወንበር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
ሰባታችንም ዝም።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ፣ ሌሊቱ አልጨልም ሲል፣
ሽማግሌ ላኩብን፤
ሦስት ጠበቃ፣ አንድ ሻንጣ፣ የተጠና ፈገግታ።
እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጥር አማች፣
ኮዱን መስመር በመስመር ቆጠሩት፤
«ይህ የማን ልጅ ነው? ይህስ ከማን ቤት ተዋሳችሁት?»
ወንበሩን ቆጠሩ። ታኒካውን ቆጠሩ። አህቲን ቆጠሩ።

ጥሎሹ ብዙ ነበር፤ አልዋሽም፤
ዜሮዎቹን የቆጠርኩ እኔው ነኝ።
የቤቴን ዕዳ ከፈልሁ፤ አዲስ ምድጃ አስገባሁ።
ፒሬት ሳቀች በዚያ ማታ፣ አህቲም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤
ወንዙም እኮ ከመስኮቱ ሥር ነበር።

ከእኛ በፊት ደብሊን ላይ ካርታ ሠሪ ወስደዋል፤
ከእኛ በኋላ ፖርቶ ላይ የመርከብ ሰዓት የሚያሰላ፤
ብርኖ ውስጥ ሁለት ወንድማማች፣
አንዱ ሸጠ፣ አንዱ እስካሁን አያናግረውም።
እንዲህ ነው የሚያድጉት፤ ሕፃን እንደሚያድግ አይደለም፤
እንደ ወንዝ ነው፤ በገባር፣ በገባር።
ገባሩ ከወንዙ ሲቀላቀል ውሃው አይጠፋም፤
የሚጠፋው ስሙ ነው።
(ገባር የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤
አንደኛውን ወንዙ ያውቃል፤
ሁለተኛውን ሒሳብ ያዥ።)

በሁለተኛው ክረምት ደብዳቤ መጣ፤
«ምርቱ በክብር ይሰናበታል» ይላል።
ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰርቨሩ ጠፋ።
ፈልገው የነበረው በረዶውን አልነበረም፤ አህቲን ነው።
አሁን ሙኒክ ሆኖ የጭነት መኪና ጎማ መቼ እንደሚያልቅ ያሰላል።
«ምሳው ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም አልጻፈም።

ኤይኖ ደወለ ለእኔ፤
«ልጄ፣ ዛሬ ይሸከማል?»
ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን በየማለዳው አይቼ፣
ያን ቀን የማውቀው ቁጥር የራሴን ብቻ ሆነ።
«ጠይቄ ልንገርዎ» አልሁት፤
ማንን እንደምጠይቅ ሳላውቅ።
በመስኮት ሳይ፣ ዳር ላይ ቆሞ
በዱላው ጫፍ ወንዙን ያንኳኳል፤
ከውስጥ ሰው እንዳለ በር።

ፒሬት ግን አላዘነችም። በመጋቢት አዲስ ቤት ከፈተች፤
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል።
ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት፤
«ገና አልቆረጥኩም» አለች፤ «የሚገዙትን ግን አውቃለሁ።»
ልጅ ሳይወለድ አማች የመረጠች እናት
ያን ቀን አየሁ።

ሒሳቧን እንድይዝላት ለመነችኝ፤ እሺ አልሁ።
የመጀመሪያውን ደረሰኝ ትናንት መዘገብሁ፤
እሷና አንድ ወጣት ናቸው፤ ሁለት ሰው፤
የተገዛው ሦስት ወንበር።
«ሦስተኛው ለማን ነው?» አልኋት።
ከስክሪኗ ዓይኗን ሳታነሣ፣
በእጇ ወደ ጠረጴዛው ራስ ገፋችው።